የድሮ አለቃዬ አከራዬ ነው፣ ሥራው ካለቀ ቤቱም አለቀ ማለት ነው?

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ሰፈሯንና ሱቁን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«ሰላም ላንቺ ይሁን። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ 7 ዓመት ሙሉ ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ከ5 ዓመት በፊት የሱቁ ባለቤት ግቢው ውስጥ ያለውን ሁለት ክፍል ሰርቪስ አከራየኝ፣ ደሞዜ 11,000 ነበር፣ ከሱ ላይ 3,500 ብር ለኪራይ እየተቆረጠ ነው የኖርኩት። ውል የለንም። ታኅሣሥ 30 ገበያው ቀዝቅዟል ተብዬ ከነገ ጀምሮ አትምጪ ተባልኩ፣ ደብዳቤ እንኳን አልተሰጠኝም። የጥርን ኪራይ በእጄ ስሰጠው ተቀበለኝ፣ የየካቲትን ግን አልቀበልም አለ። ቤቱ ለሠራተኛ ነበር፣ አሁን ሠራተኛዬ አይደለሽም፣ ወይ 8,000 ክፈይ ወይ በ15 ቀን ውስጥ ውጪ ነው የሚለኝ። የስንብት ክፍያዬን ስጠይቀው ቁልፉን ስታስረክቢ እሰጥሻለሁ አለኝ። የሂሳብ ሠራተኛው ፈርሚ ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል፣ እስካሁን አልፈረምኩም። ባለፈው ሳምንት ደሞ የኛን ቤት ውሃ ዘጉት፣ ሁለት ቀን ከጎረቤት እየቀዳሁ ሰነበትኩ። ከሁሉም የከበደኝ ሰውየው የትንሹ ልጄ የክርስትና አባት ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቼ እዛው ሰፈር ነው የሚማሩት። ምን ላድርግ? የጨነቃት።»

የኔ እህት፣ ያንን ወረቀት እስካሁን አለመፈረምሽ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ፎቶውን ስለላክሽልኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ አራት መስመር ናት፣ «ከድርጅቱ ጋር የነበረኝን ሥራ በስምምነት አቋርጬ የሚገባኝን ክፍያ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ተሰጥቶኝ የነበረውንም ቤት አስረክቤያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» ትላለች። እስቲ አብረን ቃል በቃል እንያት። «በስምምነት» ትላለች፣ አንቺ ግን ከነገ ጀምሮ አትምጪ ነው የተባልሽው። «ተቀብያለሁ» ትላለች፣ አንድ ብር አልሰጡሽም። ከሁሉም በላይ ግን እኔን ያስደነገጠችኝ «ተሰጥቶኝ የነበረውን ቤት» የምትለዋ ናት፣ ዝም ብላ የገባች ቃል እንዳትመስልሽ። የተሰጠ ቤትና የተከራዩት ቤት ለየቅል ናቸው፣ አምስት ዓመት ኪራይ ስትከፍይበት የኖርሽውን ቤት «ተሰጥቶኝ ነበር» ብለሽ ከፈረምሽ ተከራይ አልነበርኩም ብለሽ በገዛ እጅሽ መሰከርሽ ማለት ነው።

ለምን ይሄን ያህል አሳሰበሽ ትይኝ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለት ነው፣ ሠራተኛ ሲሰናበት የሚገባው ገንዘብ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለው ይላል፣ ግን እዛው ጋ ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ካቆየ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል የሚል ነገር አለ። ሰውየው «ቁልፉን ስታስረክቢ እከፍልሻለሁ» የሚልሽ ከልቡ አምኖበትም ይሁን ሰው መክሮት፣ ነገሩ የሚያስኬደው ቤቱ በሥራሽ ምክንያት በእጅሽ የገባ የድርጅቱ ንብረት ከሆነ ብቻ ነው። ቤቱ የኪራይ ቤት ከሆነ ግን የስንብት ክፍያሽና ቁልፉ ምንም አያገናኛቸውም፣ ሱቁ የሥራሽን ይከፍላል፣ አንቺ የቤቱን ትከፍያለሽ፣ በቃ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአፍሽም በጽሑፍሽም «የተሰጠኝ ቤት» እንዳትዪ፣ «የተከራየሁት ቤት» ነው የምትዪው፣ ለጎረቤት ስታወሪም ጭምር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ፣ ቤቱ የሥራሽ አካል ነበር ወይስ ኪራይ? አንቺ እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ኪራይ ነበር ለማለት የሚያስችል ጥሩ ነገር አለሽ። ሱቁ ከገባሽ ሁለት ዓመት ያለ ቤት ሠርተሻል፣ ቤቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ማለትም ለመቀጠርሽ ቤቱ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። በየወሩ የተቆረጠብሽ ገንዘብ የደሞዝ ወረቀትሽ ላይ «የቤት ኪራይ» ተብሎ ተጽፏል ብለሽኛል፣ ይሄ ደሞ ወርቅ ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ራሳቸው በራሳቸው እጅ «ኪራይ» ብለው ጽፈውልሻል። ከዛ ደሞ ከሥራ ከወጣሽ በኋላ የጥርን 3,500 ተቀብሎሻል፣ ሠራተኛው ሳትሆኚ ኪራይ ከተቀበለሽ ያን ወር ምን ብሎ ነው የተቀበለሽ? ተከራዬ ብሎ ነዋ። እሱን የሚያሳይ ነገር ፈልጊ፣ ስትሰጪው አጠገባችሁ የነበረ ሰው ካለ፣ በቴሌግራም «ሰጥቼሃለሁ» ብለሽው «እሺ» ያለበት መልእክት ካለ፣ ስልክሽ ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሺው። ሌላ የምጠይቅሽ ደሞ ካንቺ በፊት እዛ ሰርቪስ ውስጥ ማን ነበር የሚኖረው? ሱቁ ውስጥ የማይሠራ ተከራይ ከነበረ «ቤቱ ለሠራተኛ ነው» የሚለው ነገር እዛው ላይ ይወድቃል።

የሱንም ወገን ልይለት፣ እንደሱ ካላደረግን አንቺም ተዘናግተሽ ነው የምትገቢው። «ሠራተኛዬ ስለሆነች ብዬ ነው በርካሽ ያከራየኋት፣ ውጪ ብትሆን በዚህ ዋጋ አታገኝም ነበር» ይላል፣ እና እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ በ3,500 ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ችሎት ላይም ይሄንኑ ያነሳል። ግን በርካሽ የተከራየ ቤትም የተከራየ ቤት ነው፣ ቅናሽ ማድረጉ ኪራይነቱን አይፍቀውም፣ ሲፈልግ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ለመጨመርም ሥልጣን አይሰጠውም። ምስጋና ይገባዋል፣ ምስጋናውን ግን ልጆችሽን አስፋልት ላይ በማውጣት አትከፍይም።

ሕጉ ምን ይላል፣ በ2016 የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፣ ክልል ያላችሁ ደሞ ክልላችሁ ከተማችሁን አካትቶ እንደሆነ የከተማችሁን ቤቶች ጽ/ቤት ጠይቁ። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ የውሉም ዘመን ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። የኪራይ ጭማሪ ደሞ አከራዩ ጠዋት ተነስቶ የሚወስነው ነገር አይደለም፣ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ካደረገው መጠን ሳያልፍ። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር መብለጥ የለበትም። ክፍያው ደሞ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው መሆን ያለበት። እዚህ ላይ ከ3,500 ወደ 8,000 የሚለውን አስቀምጪና እዪው፣ በ15 ቀን ውጪ የሚለውንም አስቀምጪና እዪው። ሁለቱም በአከራይ አፍ ስለተባሉ ብቻ የሚሆኑ ነገሮች አይደሉም፣ አልወጣም ካልሽ እሱ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ምክንያቱን አስረድቶ ማስፈረድ ነው።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። ውል ሳታስመዘግቡ መኖራችሁ የሁለታችሁም ጥፋት ነው፣ ያለማስመዝገብ ቅጣት ለአከራይም ለተከራይም አለው። እሱን ፈርተሽ ወረዳ ከመሄድ እንዳትቀሪ ግን እለምንሻለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ነገር ካንቺ ይልቅ የሚጨነቀው እሱ ነው፣ አምስት ዓመት ሲያከራይ የኪራይ ገቢ ግብር የሚባል ነገርም አለ፣ ውሉ ወረዳ ሲገባ ያ ሁሉ ተከትሎ ነው የሚመጣው። ብዙ አከራዮች ውል ሲባሉ የሚሸሹት ለዚህ ነው። ይሄን የምልሽ ሄደሽ እንድታስፈራሪው አይደለም፣ በፍጹም፣ የልጅሽ የክርስትና አባት ነው፣ ማስፈራራትም ነገሩን ያበላሸዋል። ግን ሰውየው «ምን ታመጣለች» ብሎ ተማምኖ ከሆነ አንቺ ደሞ ባዶ እጅሽን እንዳልቆምሽ በልብሽ እወቂው።

አሁን ከሁሉ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። የየካቲትን ኪራይ ክፈይ። አልቀበልም ብሎኛልኮ ትያለሽ፣ በእጅ ነው እንጂ አልቀበልም ያለው የባንክ ሂሳቡ አልቀበልም አይልም። የሱን የግል አካውንት ታውቂዋለሽ ብለሽኛል፣ የሱቁን ሳይሆን የግሉን፣ ካርታው በሱ ስም ስለሆነ አከራይሽ እሱ ነው፣ ሱቁ በድርጅት ስም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አታደባልቂ። 3,500 ብር አስገቢ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የየካቲት ወር የቤት ኪራይ» ብለሽ ጻፊ፣ የመጋቢትም ሲደርስ «የመጋቢት ወር የቤት ኪራይ»። ሪሲቱን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪለት፣ «ጋሼ፣ የየካቲትን ኪራይ በአካውንትህ አስገብቻለሁ» ብቻ፣ ሌላ ቃል አትጨምሪ፣ ምሬት አትጨምሪ። ብሩን ቢመልስልሽ የመለሰበትንም ማስረጃ ያዢ፣ አልቀበል ካለ ደሞ ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስያዝ የሚቻልበት መንገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ፣ እሱን ጠበቃ ያሳይሻል። ዋናው ነገር «ኪራይ አልከፈለችም» የሚለውን ምክንያት በእጁ እንዳታስገቢለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የስንብት ክፍያዬን ስላልሰጠኝ እኔም ኪራይ አልከፍልም ይላል፣ ከዛ አከራዩ ትክክለኛ ምክንያት አግኝቶ ያስወጣዋል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።

ይሄን ሪሲት ሪሲት የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ከቀድሞ አለቃዬ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነበር፣ ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላም እዛው ቆየሁ። በየወሩ መጨረሻ ሳሎን ገብቼ ቡና ጠጥቼ ብሩን በፖስታ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እወጣ ነበር፣ ደረሰኝ ስጡኝ ማለት እንዴት ያሳፍረኝ ነበር፣ እንጀራ ያበላኝን ሰው አላምንህም ያልኩት ይመስለኝ ነበር። ስወጣ «የሦስት ወር ቀርቶብሻል» ተባልኩ። አልቀረብኝም ነበር፣ ፖስታዎቹን ሁሉ አስታውሳቸዋለሁ፣ አንዱ የልጅነት ጓደኛዬ ሰርግ ጥሪ የመጣበት ነጭ ፖስታ ነበር። ግን ምን ላሳይ? ሁለተኛ ከፍዬ ወጣሁ። ሰውየው ዋሽቶ ይሁን ረስቶ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ያኔ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብትኖረን ኖሮ እሱም አይረሳም እኔም አልቀየመውም ነበር።

ስለ ውሃው። ውሃ፣ መብራት ቆርጦ፣ ቁልፍ ቀይሮ፣ ዕቃ አውጥቶ ተከራይን ማስለቀቅ ሕጋዊ መንገድ አይደለም፣ ለዚህ ነው ፍርድ ቤት ያለው። ሁለት ቀን ዘግተው መልሰው ከፈቱት ብለሽኛል፣ እሰየው፣ ግን ቀኖቹን አሁኑኑ ደብተር ላይ ጻፊያቸው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተዘጋ፣ ማን እንደዘጋው፣ ማን እንደከፈተው፣ ውሃ የሰጠችሽ ጎረቤት ማን እንደሆነች። ከደገሙት ቪዲዮ ቅረጪ፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ እንደማይወርድ የዋናው ቤት ቧንቧ ደሞ እንደሚወርድ የሚታይበት። ዘበኛው ጋር እንዳትጣዪ፣ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ምናልባትም ነገ ለምስክርነት የምትፈልጊው እሱን ነው። ዕቃሽን ለማውጣት ወይም ቁልፍ ለመቀየር ከሞከሩ ግን ፖሊስ ጥሪ፣ ከዛም «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባል ክስ አለ፣ በይዞታዬ ላይ ያለ ፍርድ ገቡብኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፣ ጠበቆች በደንብ ያውቁታል።

የሥራውን በአጭሩ ልበል፣ ዓምዱ የቤት ቢሆንም ጊዜው እየሄደብሽ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወደ ሥራ ልመለስ ብለሽ የምትከሺ ከሆነ ያለሽ 3 ወር ብቻ ነው፣ ታኅሣሥ 30 ላይ ከተሰናበትሽ መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልቃል ማለት ነው፣ አሁን መጋቢት ውስጥ ነን። መመለስ አልፈልግም ክፍያዬን ብቻ ነው የምትዪ ከሆነ 6 ወር አለሽ። የስንብት ክፍያ ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዛ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ነው፣ ያንቺ 7 ዓመት በ11,000 ሲሰላ ወደ 33,000 ብር ይመጣል። በሱ ላይ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ አለ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት የሠራ ሰው ሲሰናበት የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል አንቺ ግን አንድ ቀን ነው የተሰጠሽ፣ ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ደሞ ካሳ አለ፣ ሌላም ሊኖር ይችላል። ክፍያው ያለ ምክንያት በመዘግየቱ ብቻ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊጨምርልሽ ይችላል። ሰውየው በ15 ቀን ቁልፍ አምጪ እያለ ሊለውጥብሽ የፈለገው ይሄን ሁሉ ነው፣ ለዛ ነው ወረቀቷን አትፈርሚ የምልሽ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም ጠይቂ፣ እሱ በነፃ የሚሰጥ መብትሽ ነው፣ ከቤቱም ከምኑም ጋር አይያያዝም።

የት ልሂድ ላልሽው፣ ሁለት ቦታ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰጃቸው። የቤቱን ወረዳሽ ቤቶች ጽ/ቤት፣ የሥራውን ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽ/ቤት፣ እዛ አሠሪና ሠራተኛ የሚያስማሙ ባለሙያዎች አሉ፣ ካልተስማማችሁ የሥራ ክርክር ችሎት። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፣ ስለዚህ ብር የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። ለጠበቃ ደሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ምክርና ድጋፍ ይሰጣል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ስትሄጂ ታሪኩን ከልጅነትሽ አትጀምሪላቸው፣ ወረፋው ብዙ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ መቼ ተቀጠርኩ፣ መቼ ተከራየሁ፣ በስንት፣ መቼ ተሰናበትኩ፣ መቼ ምን ተባልኩ ብለሽ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ጻፊና እሱን አሳዪያቸው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፣ የክርስትና አባትነቱ። ደብዳቤሽን ሳነበው ከ8,000 ብሩም ከውሃውም በላይ ያሰረሽ እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ይሉኝታ መጥፎ ነገር ነው ብዬ አልነግርሽም፣ አብሮ ያኖረን እሱ ነው። ግን አስቢው፣ አምስት ዓመት ውል ሳትጠይቂ የኖርሽው በይሉኝታ ነው፣ የጥርን ብር ያለ ደረሰኝ የሰጠሽው በይሉኝታ ነው፣ አሁን ደሞ ይሉኝታው አንቺን ብቻ ነው የያዘው፣ እሱ ውሃ ሲያዘጋ አልያዘውም። ስለዚህ ክስ ከመሄድሽ በፊት አንድ ወይ ሁለት ሽማግሌ ላኪ፣ እሱ የሚያከብራቸው፣ የቤተክርስቲያን አባት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሱቁን የሚያውቅ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። አንቺም ሂጂና በአክብሮት አንቱ በሚባልበት አንቱ፣ ጋሼ በሚባልበት ጋሼ እያልሽ አውሪው። መከበሩን አልነካሽበትም፣ መብትሽን መጠየቅሽ ስድብ አይደለም። ግን ሽምግልናው ላይ የተባለው ሁሉ በወረቀት ይለቅ፣ «ተስማምተናል» ተብሎ ተጨባብጦ መለያየት የለም፣ ቀን ተጽፎ፣ ብር ተጽፎ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት። ደሞ ሽማግሌ ልከሻል ማለት የክሱ ጊዜ ቆመልሽ ማለት አይደለም፣ ሽምግልናው ሁለት ሳምንት ካለፈው ጎን ለጎን ማመልከቻሽን አስገቢ።

ሽማግሌዎቹ ይዘውት የሚሄዱት ሐሳብ ምን ይሁን? እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምለው። መብቱ አለሽ፣ እውነት ነው፣ ግን ከከሰስሽው ሰው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ በር እየገቡ እየወጡ ዓመት መኖር ምን እንደሚመስል አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ልጆቹም ያዩታል፣ ማታ በር የሚከፍትልሽ የሱ ዘበኛ ነው። ስለዚህ እኔ ቤቱን እስከ መጨረሻው እንድትይዢው አልመክርሽም፣ በራስሽ ጊዜ እንድትወጪ ነው የምመክርሽ። ትምህርት ሰኔ ላይ ነው የሚያልቀው። የቤቱ ውል ለብቻው ይጻፍ፣ በ3,500፣ እንደ አዋጁ ይመዝገብ፣ አንቺ ቤት ፈልገሽ ክረምት ላይ መውጣት ከፈለግሽ ደሞ ተከራይ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል፣ ያኔ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ትሰጪዋለሽ። የሥራው ክፍያ ደሞ ለብቻው፣ በሌላ ወረቀት፣ አሁን ይከፈል፣ ቁልፉ የሚል ቃል እዛ ወረቀት ውስጥ አይግባ። ያ ገንዘብ በእጅሽ ሲገባ ነው ቤት መፈለግ የምትችዪው፣ አዲስ አከራይ የ2 ወር ቅድሚያ ቢጠይቅሽ ከየት ታመጫለሽ አለዛ? እሱ ቁልፉን አስቀድሚ የሚለው ይሄን ገልብጦ ነው፣ ወጥተሽ፣ ዘመድ ቤት ተጠግተሽ፣ ከዛ የ33,000 ብሩን ልመና እንድትመላለሺ ነው የሚያደርግሽ።

ወደ ሽማግሌው ሳይሄድም ሊሰማሽ ይችላል፣ ሰው ነው፣ ሱቁ እውነት ቀዝቅዞበት ይሆናል፣ ጨንቆት ይሆናል። በአንድ ጊዜ መክፈል ካቃተው በሁለት በሦስት ጊዜ ይክፈል በይው፣ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ እስከሆነ ድረስ እሱ ነውር የለውም፣ የ6 ወሩ ቀን ሳያልፍ የሚያልቅ ግን ይሁን። ከኪራዩ ላይ ይቀናነስ የሚል ሐሳብ ቢያመጣ ግን አይሆንም በዪ፣ ያኔ እንደገና ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አሰረብሽ ማለት ነው፣ ማን ስንት እንዳለበት ራሳችሁም ትጠፋላችሁ።

በዚህ ሳምንት ተመሳሳይ ነገር ለጻፋችሁልኝ ሁለት ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። አንዱ ዘበኛ ሆኖ በር ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ በነፃ ይኖር የነበረ ወንድም ነው። ያንተ ከሷ ይለያል ወንድሜ፣ ኪራይ ካልከፈልክና ክፍሏ ለጥበቃው ሥራ የተሰጠችህ ከሆነ ተከራይ ነኝ ማለት ይከብድሃል፣ ሥራው ሲያልቅ ክፍሏንም ትለቃለህ። ግን ዛሬ ማታ ውጣ የሚባል ነገር የለም፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜህንና የስንብት ክፍያህን የመጠየቅ መብት አለህ፣ ፍራሽህንም በር ላይ ማንም ሊወረውርብህ አይችልም። ሌላዋ ደሞ ድርጅቷ ከሌላ ሰው የተከራየላት ቤት ውስጥ ያለች ናት፣ አንቺ መጀመሪያ ውሉ በማን ስም እንደሆነ እዪ፣ በድርጅቱ ስም ከሆነ ቤቱ ውስጥ መቆየት የምትፈልጊ ከባለቤቱ ጋር በራስሽ ስም አዲስ ውል ለመዋዋል ሥራውን ሳትለቂ በፊት ነው መሯሯጥ ያለብሽ፣ ከለቀቅሽ በኋላ አይደለም።

ወዳንቺ ልመለስ፣ የጨነቃት። ነገ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረስሽ በኋላ ባንክ ሂጂ የየካቲትን አስገቢ፣ ከዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ግቢና የደሞዝ ወረቀቶችሽን በሙሉ፣ ያለሽን ያህል፣ «የቤት ኪራይ» የሚለው መስመር በደንብ እንዲታይ አድርገሽ ሁለት ሁለት ኮፒ አስነሺ፣ ያቺን ያልተፈረመች ወረቀትም ጨምሪ። ኦሪጅናሉን ግን ቤት ውስጥ አታስቀምጪ፣ የዛ ቤት ሌላ ቁልፍ እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል፣ ውሃ ለሰጠችሽ ጎረቤት ወይ ለእህትሽ በፕላስቲክ አድርገሽ ስጫቸው። ወረዳ ከሄድሽ በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።